ረሃብን የተጫወተችው

ደሴ፣ ሆጤ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሂሻም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? እኛ አልሀምዱሊላህ አለን። የእናትህ፣ የእማማ ስኳር ካለፈው ወር ወዲህ ረጋ ብሏል፤ መርፌያቸውን ጠዋትና ማታ እኔው እወጋቸዋለሁ። ዐይናቸው ግን አሁንም ይጨልምባቸዋል። ደሴ ብርዷ ጠንክሯል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም እስከ ረፋድ ከደጃችን አይነሣም፤ ሲነሣም የሚታየኝ ያው የጎረቤት ቆርቆሮና ያው ዳገት ነው። መንገዱ እንደምትሰማው ነው፤ ሲከፈት ሲዘጋ።

ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ራሂማ ለዑምራ ወደምትሠራበት አገር ስትመጣ በእጇ ታደርስልሃለች። አደራ የማትበላ ሴት መሆኗን ታውቃለህ። በስልክ ልነግርህ ብዙ ሞክሬ ነበር፤ ከኮምቦልቻው ቀን ወዲህ ግን አታነሣም፣ የላክሁልህንም ድምፅ አትከፍተውም። ወረቀት ግን ሲቀደድም ጥቂት መስመር ይነበባል ብዬ ጻፍሁ።

የአጎትህ ልጅ ሁዘይፋ የላከልህን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ። እናትህ መድረክ ላይ መሬት ተቀምጠው፣ እጃቸውን ወደ ሰው ዘርግተው፣ ሕዝቡ ሲያለቅስ። ከሥሩ ሰዉ የጻፈውንም አንብቤያለሁ። አንተ ደግሞ «እናቴን ለማኝ አድርጋ አቀረበቻት። ትምህርቷ እዚህ ላይ ይብቃ፣ የእማ ስም ከጽሑፉ ይውጣ፣ እሷም ከቤት ንቅንቅ እንዳትል» ብለሃል አሉ። ያንተን ቃል ከአጎትህ ልጅ አፍ፣ እንግዳ ክፍላችን ውስጥ ቆሜ ነው የሰማሁት። አልሰደብከኝም፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ግን ሂሻም፣ ቪዲዮው ከመሐል የተቆረጠ ነው። ከፊቱ የነበረውንም ከኋላው የመጣውንም አላየህም። ልነግርህ የተነሣሁት እሱን ነው።

አንዴ «ቲያትርን ሰው ያያል እንጂ ዶክትሬት ይሠራበታል እንዴ?» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ያን ጊዜ አብሬህ ሳቅሁ። አሁን ግን ምን እንደማጠና ካላወቅህ የሆነውም አይገባህም።

የቲያትር ታሪካችን መጻሕፍት ደራሲውን ይጽፋሉ፣ አዘጋጁን ይጽፋሉ፣ ፊት ወንበር የተቀመጠውን ሹም እንኳ ይጽፋሉ። መድረኩ ላይ የቆመችው ሴት፣ በተለይ ከክፍለ ሀገር የመጣችው፣ ወይ ስሟ የለም ወይ «እና ሌሎችም» ውስጥ ናት። የአሁኑ ዘመን የሂስ ንድፈ ሐሳብ የሚለን ታሪኩን ከዚያ ከ«ሌሎችም» ጀምራችሁ እንደገና አንብቡት ነው። ማን አየ? ማን ታየ? አፍ የተሰጠው ለማን ነው? እኔ ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ገዛ አገሬ መጣሁ። የሰበሰብሁትን ሁሉ ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ፤ የወሎ ሴት መድረክ ላይ የምትወጣው ወይ ቆንጆ ሆና ነው ወይ ተርባ። ሦስተኛ መልክ የላትም።

በኅዳር ኮምቦልቻ ወርጄ ጋሽ አራጋው የሚባሉ ሽማግሌ አነጋገርሁ። በደርግ ጊዜ የአንድ ኪነት ቡድን አዘጋጅ የነበሩ ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል፣ ትዝታቸው ግን ስለታም ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግሥት ስላዘጋጁት ቲያትር አጫወቱኝ። ብዙ ንግግር፣ ብዙ መዝሙር ያለበት ሥራ ነበር፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን አንዲት ቃል የማትተነፍስ ልጅ ነው። ትገባለች፣ መሬት ትቀመጣለች፣ እጇን ትዘረጋለች፤ ሌሎቹ እስኪጨርሱ፣ መጋረጃው እስኪዘጋ ድረስ እንደዘረጋች ትቆያለች።

«ድንጋይ ልብ ያለው እንኳ ያለቅስ ነበር» አሉኝ። «ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ።»

በቲያትሩ ማስታወቂያ ላይ «ረሃብተኛዋ» ነው የምትባለው። ስሟን ጠየቅኋቸው።

«ሸሪፋ» አሉ። «ሸሪፋ ይመር። ከድርቁ መጠለያ እኔው ነኝ ያመጣኋት። ኋላ ደሴ አግብታ ሆጤ ትኖራለች ሲባል ሰምቻለሁ።»

ሂሻም፣ የምጽፍበት እጄ ቆመ። ጋሽ አራጋው ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ እኔ አልሰማም። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ስወጣ ከጎኔ ያለችው ሴት «ታመሻል እንዴ ልጄ?» ብላ መስኮት ከፈተችልኝ። ክፍለ ሀገሩን ሁሉ ስፈልጋት የነበረችው ሴት በየቀኑ መርፌ የምወጋቸው፣ ካልጠራኋቸው የማለዳ ሻይ የማይጠጡት እናታችን ነበሩ።

በማግሥቱ ጠዋት መርፌውን እየሞላሁ «ጋሽ አራጋው የሚባሉ ሰው አገኘሁ» አልኋቸው።

ክንዳቸውን እንደገለጡ ቀሩ። «አልሞተም?» አሉ።

ወሬው በዚያው ከረመ። እኔም አልጎተጎትሁም፤ በእሳቸው ቤት፣ በእሳቸው ዕድሜ ማን ያስጨንቃል። አንድ ቀን ጉሙ ቶሎ ተነሥቶ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ራሳቸው ጀመሩት።

«ላባቱ ምዬለት ነበር» አሉ። ለአባትህ ማለታቸው ነው። «ከሰው አፍ እንዳይገባ፣ ለልጄም እንዳልናገር። አሁን እሱ አኺራ ነው፣ አላህ ይዘንለት። እኔ ግን ይኸን ይዤ ልሙት? ሰማሽ፣ እኔ የደሴ ልጅ አይደለሁም።»

እውነት ነው ሂሻም። የእናትህ አባት የደሴ ነጋዴ ነበሩ የተባልከው የአባትህ ፈጠራ ነው። እማማ የገጠር ልጅ ናቸው። እናታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ኮምቦልቻ አጠገብ በነበረው መጠለያ ቀብረዋል። ኪነት ቡድኑ እንግዳ ሊቀበል መጠለያው የመጣ ዕለት ጋሽ አራጋው ከልጆቹ መካከል አዩአቸውና «ይቺን ስጡኝ» አሉ። ሰጧቸው። የሚጠይቅ ዘመድ አልነበረም።

«ደስ አለኝ» አሉ እማማ። «ቤት ገባሁ፣ ልብስ ለበስሁ። እህልም ነበረ፤ የኪነት ሰው በደንብ ነበር የሚበላ። ለኔ ግን አይሰጡኝም። ሲመዝኑልኝ ነበር የሚመስለው። ትንሽ ሰጥተው ያነሡታል። ‹ከወፈርሽ ማን ያምንሻል?› ይለኛል አራጋው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም እኮ፤ እየሳቀ ነው የሚለኝ፣ ፀጉሬን እያሻሸ። ሌሎቹ ሲበሉ ከክፍሉ እንድወጣ ያደርገኝ ነበር፣ እንዳያምረኝ ብሎ።»

ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

«መጠለያ የራበኝ አላህ ያመጣው ነው» አሉ። «ከዚያ ወዲህ የራበኝ ግን የሰው ነው።»

አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ፤ እናትህ ሰው ፊት አይበሉም። ዒድ እንኳ ቢሆን እንግዳውን አጥግበው፣ ሳሕኑን ይዘው ጓዳ ይገባሉ። «ከባድ ሀያእ አላት» እያልክ በዐይነ አፋርነታቸው ትኮራ ነበር። ለእኔም «ከእማ ተማሪ» ብለኸኝ ታውቃለህ። ሀያእ አልነበረም ሂሻም።

ያልጠበቅሁት ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ፊታቸው ድንገት በራ። «ሰው መንገር የሚያሳፍረኝ ይኸ ነው፣ መድረኩን እወደው ነበር። መብራቱ ሲበራ፣ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ሲል! መጠለያ ሳለን ማንም አያየንም ነበር፤ እዚያ ግን ሹሙ፣ ወታደሩ፣ ጌጥ ያደረገች የሹም ሚስት ሁሉ እኔን ያያል። አንድ ቀን ‹ጋሼ፣ እኔም አንድ ቃል ልናገር› አልኩት። ‹ረሃብ አይናገርም፣ ዝም ስትይ ነው የሚያምርብሽ› አለኝ። ኋላ አካሌ ሴት እየሆነ መጣ፣ ሰውነቴ እንቢ አለ፤ ሌላ ቀጭን ልጅ አመጡ። ያኔ ያለቀስሁት ለናቴ ካለቀስሁት አይተናነስም፤ አላህ አፉ ይበለኝ።»

ይህን ለጥናቴ አማካሪ ለዶክተር ምንተስኖት ደሴ በመጡ ጊዜ ነገርኋቸው፤ እማማ ፈቅደው ነው። ዶክተሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ረውዳ፣ የጥናትሽ ልብ ይህ ነው» አሉ። መልካም ሰው ናቸው፣ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ወዲያው ያቀዱት ግን አስጨነቀኝ። ኮምቦልቻ ላይ ዐውደ ጥናት ይዘጋጅ፤ እዚህ የማስተምራቸው ተማሪዎቼ ያንን የቆየ ቲያትር አሳጥረው ይሥሩት፣ በየመሐሉ እያቆምን በንድፈ ሐሳብ እንተንትነው፤ ጋሽ አራጋውም እማማም በእንግድነት ይገኙ፣ በመጨረሻም ጥያቄ ይመልሱ።

«እናቴን ማሳየት አልፈልግም» አልኋቸው።

«አናሳያቸውም፤ እናዳምጣቸዋለን» አሉኝ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወረቀት ላይ ሰፊ ነው። አዳራሽ ውስጥ ስንት እንደሚሆን አላወቅሁም ነበር። ደግሞ ምርጫም አልነበረኝም። አዲስ አበባ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሼ የምጽፍበት ጊዜ ሁለቴ አልፏል፤ አንዴ መንገዱ፣ አንዴ አንተ «እማን ማን ላይ ጥለሽ?» ብለህ አስቀርታችሁኛል። ይህ ሥራ ካልተሠራ ስሜ ከመዝገብ እንደሚወጣ ተነግሮኛል። ከወዲያ ዩኒቨርሲቲው፣ ከወዲህ አንተ፣ ከመካከል መርፌው። ጠዋት ስነሣ አንዳንዴ ቤቱ ራሱ በላዬ የተቆለፈ ይመስለኛል፤ ቁልፉ ደግሞ በእጄ ነው፣ በሩንም የምዘጋው እኔው ነኝ።

እማማን ስነግራቸው እምቢ ይላሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

«አራጋው ይመጣል?» አሉ።

«ይመጣሉ።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ። አንድ የምጠይቀው አለኝ።»

ሐረጎን ወረድን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ እማማ ሻርፓቸውን ፈታ አድርገው «አየሩ እንደዚያን ጊዜው ነው» አሉ። አዳራሹ በተማሪና በመምህር ሞልቷል። ጋሽ አራጋው ከፊት ወንበር በከዘራቸው ላይ ተደግፈዋል። እማማን ከእሳቸው ራቅ አድርጌ፣ ከጎኔ አስቀመጥኋቸው። ሰላም አልተባባሉም።

ረሃብተኛዋን የምትጫወተው ወንጌላዊት የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ ናት። ከማስተምራቸው ሁሉ ልባም ልጅ ናት። ገባች፣ ተቀመጠች፣ እጇን ዘረጋች። ዶክተር ምንተስኖት ከጎን ቆመው ማብራራት ጀመሩ። ተመልካቹ የተራበ አካል እያየ በማልቀስ ራሱን እንዴት ንጹሕ እንዳደረገ፣ መንግሥት ረሃብን በዝምታዋ ልጅ እንዴት ከጥያቄ እንዳሸሸው፣ የወሎ ሴት አካል እንዴት የሌሎች ንግግር ማሳያ እንደተደረገ። የተናገሩት አንድም ስሕተት የለበትም። እኔም ጽፌዋለሁ። ግን ዞር ብዬ እማማን ሳይ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዐይናቸው የሚፈዘው ሴትዮ ከመድረኩ አንድ ነገር አላመለጣቸውም።

ከዚያ ተነሡ። ወደ ውጭ የሚወጡ መስሎኝ ሻርፓቸውን ላቀብል ስነሣ እሳቸው ወደ መድረኩ አቀኑ። ደረጃውን ሳይዳሰሱ ወጡት። ዶክተሩ ንግግራቸውን አቆሙ። እማማ ወደ ሕዝቡ ዞረው አፋቸውን ከፈቱ፤ ሊናገሩ ነው ብዬ እኔም ትንፋሼን ያዝሁ። ያን ጊዜ ከኋላ አንዱ አጨበጨበ፤ አዳራሹ ሁሉ ተከተለው። ያችን እንቅስቃሴ እስካሁን አልረሳትም። ጭብጨባውን ሲሰሙ ትከሻቸው ወረደ፣ አንገታቸው ዘመመ፣ ጉልበታቸው ታጠፈ፤ ወንጌላዊት አጠገብ መሬት ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

አንተ ያየኸው ይኼን ነው።

ሰዉ አለቀሰ። ስልክ ሁሉ ወጣ። ዶክተር ምንተስኖት መነጽራቸውን አውልቀው ቆሙ። ትወና የመሰላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን በየቀኑ የምይዘው እጅ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ትወና አልነበረም። እየሮጥሁ ወጣሁና አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ይነሡ» አልሁ።

አላዩኝም። የሚያዩት ጋሽ አራጋውን ነበር።

«ጋሼ» አሉ፣ በልጅ ድምፅ፣ «ልነሣ?»

ጋሽ አራጋው አልሰሙም። ጆሯቸው ደክሟል ብዬህ የለ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ ያጨበጭቡ ነበር። «እንዳለች ናት» ይላሉ ለጎረቤታቸው። «ምንም አልረሳችም፤ እንዳለች ናት።»

እኔ እጃቸውን ያዝሁ፣ አልታጠፍ አለ። ያን ጊዜ ወንጌላዊት፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እጇን እንደዘረጋች የነበረችው ልጅ፣ ብድግ አለች። ያለበሷትን ቡትቶ ከትከሻዋ አውልቃ መሬት ጣለችው።

«እማማ፣ እኔ ተነሥቻለሁ» አለቻቸው። «ይነሡ፣ ማንንም አይጠይቁ።»

እማማ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ሳቁ። ያለ ሐሰት ነው የምልህ፣ ሳቁ። «ወይ ልጄ፣ አንቺስ ወፍራም ነሽ» አሉና በትከሻዋ ተደግፈው ተነሡ። ሰዉ ሳቀ፤ የሚያለቅሰውም አብሮ ሳቀ። ይህን የቀረጸው ሰው የለም፤ በዚያ ሰዓት ስልኩ ሁሉ ወርዶ ነበር።

ጋሽ አራጋው በኋላ ከዘራቸውን እየጎተቱ መጡ። እማማ ወደ ጆሯቸው ተጠግተው፣ በልጅነታቸው «እርስዎ» ይሏቸው የነበሩትን ሰው «አንተ» ብለው ጠየቋቸው።

«አራጋው፣ እህሉን ለምን ከለከልከኝ? ነበረ እኮ።»

ሽማግሌው ፈገግታቸው ጠፋ። «ለሥራው ነው፣ ሸሪፋ። ሰው እንዲያምን። በአንቺ የተነሣ ስንት እርዳታ...»

«ስለ እርዳታው አልጠየቅሁም።»

ወደ ከዘራቸው አቀረቀሩ። ከዚያ «ልጅ ነበርሽ፤ ልጅ መሆንሽን አላየሁትም» አሉ። «አፉ በይኝ።»

«አላህ አፉ ይበልህ» አሉ እማማ። «እኔ ገና አላልሁም። አፉ ስል መልእክት እልክልሃለሁ።»

እጃቸውን ግን ጨብጠዋቸው ነው የተለያዩት። ዶክተር ምንተስኖት ያን ዕለት አንድ ቃል አልጨመሩም። በሳምንቱ ግን ቪዲዮው ለጥናቱ ታላቅ ማስረጃ መሆኑን ጻፉልኝ። እንደማልጠቀምበት መለስሁላቸው። አልተስማማንም፤ አማካሪዬም አሁን እንደ ድሮው አያወሩኝም።

ከአዳራሹ ስንወጣ እማማ ስኳራቸው ወርዶ ላብ አጥምቋቸው ነበር። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ወንበሩ ሁሉ በሾፌርና በመንገደኛ የተያዘ፣ በሩ በመንገዱ ላይ ወለል ያለ ቤት ነው። ጥብስ መጣ። እንደ ልማዴ ሰው እንዳያያቸው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ ላዞርላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይው፣ እንዲሁ ይሁን» አሉ።

በሉ። ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው፣ የሚያልፍ የሚያገድመው እያየ። አንድ ሾፌር «እናቴ፣ ብሉ ብሉ» ብሎ ከራሱ ሳሕን ቁራጭ ሥጋ አጎረሳቸው፤ ተቀበሉት። እኔ አንገቴን አቀርቅሬ ማልቀሴን እንዳያዩ ስልኬን የማይ መሰልሁ።

ይኸው ነው የሆነው። ቤት ስንገባ ቪዲዮው ቀድሞን ገብቶ ነበር። ሁዘይፋ ያንተን መልእክት ይዞ ሲመጣ እማማ መኝታቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። እንደጨረሰ ጠሩት።

«ሁዘይፋ፣ ለሂሻም እንዲህ በለው» አሉ። «ለማኝ አልሆንሁም፤ ሆኜ ከነበረም ያኔ ነው፣ ዛሬ አይደለም። ስሜ ደግሞ የኔ ነው። ሸሪፋ ይመር ተብሎ ይጻፍ። ልጄን እወደዋለሁ፣ በስሜ ላይ ግን አዛዥ አላደረግሁትም።»

ሁዘይፋ ይህን ነግሮህ እንደሆነ አላውቅም። ካልነገረህ እኔ ነግሬሃለሁ። ስማቸውንም ከጽሑፉ አላወጣም። ለብዙ ነገር «እሺ» ብዬሃለሁ ሂሻም፤ ቆይ ስትለኝ እሺ፣ ጠብቂ ስትለኝ እሺ፣ ካለፈው ረመዳን ወዲህ «የሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» ስትለኝ እሺ። ለዚህ ግን እሺ አልልህም።

ሁዘይፋ ከሄደ በኋላ እማማ እኔንም ከአልጋቸው ጠርዝ አስቀመጡኝ። «እኔን ተቀመጪ ያለኝ ሰው ነበረ» አሉ። «አንቺን ያስቀመጠሽ ደግሞ የኔ በሽታ ነው። እያየሁ ዝም አልሁ፤ መኖርሽ ስለተመቸኝ። ሂጂ ጨርሺ። ከይሪያ ከገራዶ ትመጣለች፣ መርፌውን አስተምሪያት።»

የአክስትህ ልጅ ከይሪያ መጥታለች። ጎበዝ ናት፤ አሁን ከእኔ ይልቅ እጇ አያማቸውም። ሻንጣዬን እማማ ራሳቸው በዳሰሳ አጥፈው አዘጋጁት። ግን መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ደርሼ እመለሳለሁ። ትኬት ቆራጩ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም። በሩ በስተመጨረሻ ሲከፈትልኝ ደጁ ደግሞ ተዘጋ። ማታ ሻንጣውን ፈትቼ አንድ ልብስ አወጣለሁ፣ ጠዋት መልሼ አስገባዋለሁ። ሲከፈት እሄዳለሁ። አሁን ፈቃድ እየጠየቅሁህ አይደለም፤ እንድታውቀው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ከመቆጣትህ በፊት የላክኸውን የመጨረሻ ድምፅ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አንተ ስለ እማማ መድኃኒት ስታወራ፣ ከኋላህ አንድ ሕፃን «ባባ፣ ባባ» ይላል። አንተም ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «እሺ ሐቢቢ፣ መጣሁ» ትለዋለህ። እማማም አጠገቤ ሆነው ሰምተዋል። ተያየን፤ ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም አላነሣነውም።

አላህ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ከባዕድ አገር ክፉ ይጠብቅህ። እማማ በዱዓቸው አይረሱህም፤ እኔም አልረሳህም። ያንን ሕፃን አላህ ያሳድገው። አንድ ቀን ስሙን ለአያቱ ንገራቸው፤ ለእኔ ባትነግረኝም ግድ የለም።

ረውዳ